ድሬዳዋ ላይ ትምህርቱንና ኢንቨስትመንቱን አንድ ላይ ለማስኬድ ማን ምን ያድርግ

"አገራችን ተወዳዳሪ ትሁን" ሲባል አብዛኞቻችን ጉዳዩን ለሚኒስትርና ለስብሰባ እንተወዋለን፣ ነገሩ ግን ሲፈታ እንዲህ ነው፦ እኛ የሰራነው እቃ ከቬትናም ወይ ከኬንያ እቃ ጎን ሲቀመጥ ገዢው ጥራቱን አይቶ፣ ዋጋውን አይቶ፣ በሰዓቱ መድረሱን አይቶ የኛን ያነሳል ወይስ ትቶት ያልፋል? ይሄን በአብዛኛው የሚወስነው ማሽኑ ጋ የቆመው ልጅ ምን ያህል ያውቃል፣ ማሽኑንስ ማን በምን ብር አመጣው የሚለው ነው። ስለዚህ ትምህርትና ኢንቨስትመንት ለየብቻ ከሄዱ ሁለቱም ይባክናሉ፣ ዲግሪ የያዘው ልጅ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ይውላል፣ ፋብሪካው ደግሞ ቴክኒሺያን ከውጭ ያስመጣል። ሁለቱን ማገናኘት የሚቻለው ከታች ነው፣ ከቤት፣ ከወርክሾፕ፣ ከቀበሌ፣ እዚህ የምጽፈውም ማን ከየት ይጀምር የሚለውን ነው።

ድሬ ላይ መጀመር ያለበትም ምክንያት አለው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፣ አሁን ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ላይ ለጅቡቲ የቀረብን ትልቅ ከተማ እኛ ነን፣ ደረቅ ወደብ አለን፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናም ነሐሴ 2014 ላይ የተከፈተው እዚሁ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ደግሞ በ1940ዎቹ በግብርና ኮሌጅነት የተመሰረተው ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ገበያ ላይ የሚሰራ የድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ እየቀያየረ ነው የሚሸጠው፣ ይሄ ለጅቡቲና ለሶማሊላንድ ንግድ ትልቅ ሀብት ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ እቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ መሆኑን አስቡትና እኛ የት እንደተቀመጥን ታዩታላችሁ። መንገዱም ሼዱም ተሰርቷል፣ የጎደለው ማሽኑ ጋ የሚቆመው የሰለጠነ ሰው ነው።

ከወላጅ ልጀምር፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ዋናው እዚህ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ናቸው። እየተሻሻለ ነው ግን ከመቶ ዘጠና ምናምኑ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ስለ 12ኛ ክፍል ነው የሚያወራው፣ ችግሩ ግን የተጀመረው 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ነው። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ ባወጣው የሰው ሀብት መለኪያ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል፣ በትክክል የተማረው ሲሰላ ግን 4.3 ዓመት ብቻ ነው። ልዩነቱን አስሉት፣ ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ እየሄደ ሶስት ዓመት ተኩል ባዶ ሄዷል ማለት ነው። የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩ፣ የባጃጁ ብር ግን ሙሉውን ወጥቷል።

ቬትናምን ያነሳሁት በዚህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ ፒሳ የሚባለውን የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወስድ በሂሳብ 511 አመጣች፣ የበለፀጉት አገሮች አማካይ 494 ነበር። ሳምሰንግ ደግሞ ባክኒን ላይ የስልክ ፋብሪካውን የከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ ነው። ፋብሪካው የሄደው በብዙ ምክንያት ነው፣ ርካሽ ጉልበት አለ፣ ወደብ አለ፣ የመንግስት ማበረታቻ አለ፣ ግን መመሪያ አንብቦ የሚሰራ ሰው በብዛት ባይገኝ ያን ያህል ሊያድግ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ የሴሚስተር ሰርተፍኬት ላይ ያለውን "1ኛ ወጣ" ትታችሁ ራሳችሁ ፈትኗቸው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ የሆነ አንድ ገፅ ስጡት፣ በሚማርበት ቋንቋ ይሁን፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ሊሆን ይችላል፣ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዛ ወረቀቱን ውሰዱበትና "ምን ይላል?" በሉት። አንብቦ ምን እንዳነበበ መናገር ካልቻለ ፊደል ያውቃል እንጂ ማንበብ ገና አልጀመረም። ሂሳብ ደግሞ በቀፊራ ገበያ ጠይቁት፣ ቲማቲም ኪሎው 60 ብር ቢሆን ሩብ ጎደል ኪሎ ገዝተህ 100 ብር ብትሰጥ መልስህ ስንት ነው? 55 ብሎ ቶሎ ካልመለሰ ክፍልፋይ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ የክፍልፋይ ችግር ደግሞ ወርክሾፕ ውስጥ ድረስ ይከተለዋል፣ እሱን ከታች አሳያችኋለሁ። እናቱም አባቱም ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ሰፈር ውስጥ 10ኛ 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ ፈልጉ፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ማታ ማታ በረንዳ ላይ ያስነብባቸው፣ ትንሽ ክፈሉት፣ ቱቶር ከመቅጠር በብዙ ይቀላል። ማታ ያልኩበት ምክንያት አለ፣ ድሬ ላይ ከሰዓት በፀሀይ ልጅ ማስጠናት ለማንም አይሆንም፣ ሲመሽ ነው ከተማዋም ሰዉም የሚነቃው።

12ኛን ለጨረሰ ወይ ላላለፈ ልጅ

ፈተናው አልመጣም ማለት ያለቀለት ነው ማለት አይደለም፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ ግን ዝም ብሎ ቦታ የተገኘበት ዲፓርትመንት መግባት ልክ አይደለም። ኮሌጅ ከመመዝገብህ በፊት ሂድና ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። ማሽኖቹ ይሰራሉ ወይስ አቧራ ለብሰው ቆመዋል? አንድ ማሽን ላይ ስንት ተማሪ ነው የሚደርሰው? ትብብር ስልጠናውን ተማሪዎቹ የት ነው የሚወጡት፣ የድርጅቱን ስም ንገሩኝ በል፣ ድርጅቱ ጋ ደግሞ ራስህ ሂድና የሚሰለጥኑት ማሽን ይነካሉ ወይስ ሻይ ይላካሉ ብለህ ጠይቅ። ካለፈው ዓመት ተመራቂ ሁለት ሶስት ልጅ ፈልገህ አነጋግር፣ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ስንቶቹ አለፉ፣ ስንቶቹ በተማሩበት ስራ ላይ አሉ። እነዚህን ሳትሰማ ብር አትክፈል።

ምን ልማር ለሚለው ደግሞ ከተማዋ የምትፈልገውን እይ። ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ምግብ ፋብሪካዎች አሉ፣ ባቡር አለ፣ መጋዘን አለ፣ ሁሉም የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያን፣ የሞተር ጥገና፣ ቶርኖና ብየዳ፣ ማቀዝቀዣ ጥገና፣ የመጋዘን አያያዝና የጉምሩክ ሰነድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። በሙቀት አገር ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ስራ አያጣም። ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ደግሞ 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው ስልጠና በነፃ ኦንላይን አለ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ስልክህ ላይ ለቲክቶክ ከሚወጣው ዳታ ላይ ቀንሰህ ጀምረው።

አሁን ያልኳችሁን የክፍልፋይ ነገር ላሳያችሁ። ቶርኖ ቤት ግቡ፣ አንድ ሰልጣኝ 25 ሚሊ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ላይ የሚገባ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን የሚያቅፍ ቀለበት፣ እየሰራ ነው እንበል። ካሊፐሩን (የልክ መለኪያውን) ያስገባል፣ ትልቁን መስመር ያነባል፣ 25፣ ጥሩ፣ ከታች ያለችውን ትንሿን መስመር ግን ዘሏት ያወጣል፣ እሷ ናት የሚሊን አስረኛ የምትናገረው። ውስጡ 25.3 ሆኖ ይወጣል። በአይን ምንም አይለይም፣ ሲገጠም ይገባል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ሁለት ሳምንት ሲሰራ ሻፍቱ ውስጥ መወዝወዝ ይጀምራል፣ ይሞቃል፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ፋብሪካው ይቆማል፣ ማኔጀሩም "የአገር ውስጥ እቃ እንደዚህ ነው" ብሎ በሚቀጥለው ከዱባይ ያዛል። አንድ ደንበኛ ሄደ፣ ዶላር ወጣ፣ ሁሉም የመጣው 3ኛ ክፍል ላይ ካልተማርናት አስረኛ ነው። የአገር ተወዳዳሪነት የሚባለው ትልቅ ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ልክ ባለች ነገር ነው።

የወርክሾፕ ባለቤቶች ስሙኝማ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፣ ለብዙ ቤተሰብ ይሄ ከባድ ነው፣ ኑሮ ተወድዷል። ግን በዛው ልክ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ በጣም ስለተወደደ እናንተ እዚህ የምትሰሩት ቡሽ፣ ፑሊ፣ ጊር፣ የኮንቬየር ሮለር አሁን በዋጋ መወዳደር ይችላል፣ ድሮ አይችልም ነበር። ይሄ እድል ክፍት ሆኖ አይቆይም፣ ጥራት ይዞ የገባ ነው የሚወስደው።

እንዴት ትገባላችሁ? አንድ ፋብሪካ ምረጡ፣ ጥገና ክፍሉ ጋ ሂዱና በዓመት ደጋግማችሁ ከውጭ የምታስመጡት የሚያልቅ እቃ የቱ ነው በሉ፣ ከዛ ውስጥ ቀላሉን አንድ እቃ ብቻ ያዙ። ናሙና ውሰዱ፣ ልኩን ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ምን አይነት ብረት እንደሆነ አጣሩ፣ ሶስት አራት ሰርታችሁ በነፃም ቢሆን ስጡና እስኪያልቅ ድረስ ስንት ጊዜ እንደቆየ ተከታተሉ። እያንዳንዱ የሚወጣ እቃ ልኩ ተለክቶ ደብተር ላይ ይፃፍ፣ ማን ሰራው፣ ማን ለካው። ፋብሪካ እናንተን የሚያምነው በዛ ደብተር ነው። ደረሰኝም ቁረጡ፣ ቲን ነምበርና ህጋዊ ደረሰኝ የሌለው ሰው ትልቅ ድርጅት ውስጥ አይገባም፣ ባንክ ላይም የሚያሳየው ነገር የለውም።

ማሽን ለመግዛት ሙሉ ብር መጠበቅ የለባችሁም፣ ልማት ባንክና የካፒታል ዕቃ ሊዝ ድርጅቶች ማሽኑን ገዝተው በኪራይ መልክ ይሰጣሉ፣ እናንተ የተወሰነ መዋጮ ታስገባላችሁ፣ ቀሪውን በየጊዜው ትከፍላላችሁ፣ ሲያልቅ ማሽኑ የናንተ ይሆናል። እኔ የምለው ግን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ኦፕሬተሩ ይዘጋጅ። ማሽን መጥቶ የሚነካው ሰው ጠፍቶ ክፍያው መቆጠር ሲጀምር ያ ነው ሰውን የሚያከስረው። ማመልከቻው ላይ ራሱ የኦፕሬተሩን ስምና የስልጠና ደረጃ ፃፉት። ጎረቤት ለጎረቤት የምትተማመኑ ደግሞ የማሽን እቁብ ጣሉ፣ አምስት ስድስት ወርክሾፕ ሆናችሁ እጣው የወጣለት ማሽን ብቻ ይግዛበት ብላችሁ በእቁቡ ዳኛ ፊት ፈርሙ፣ ሰርግና መኪና አይገባበትም።

ሰልጣኝም ተቀበሉ። ነፃ ጉልበት ብላችሁ ሳይሆን የምሳና የትራንስፖርት ብር እየሰጣችሁ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ካሊፐር እጁ ላይ አድርጋችሁ። ጎበዙን ስትቀጥሩት የቴክኒክ ኮሌጁ አሰልጣኝም ምን እንደጎደለው ከናንተ ይስማ፣ በዓመት አንዴ መጥቶ ወርክሾፓችሁ ውስጥ ቢቆም ለስልጠናው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ቡና ላይ ለሚሰሩ

የሐረር ቡና በዓለም የሚታወቅ ስም ነው፣ ከይርጋጨፌና ከሲዳሞ ጋር በንግድ ምልክትነት አገራችን ያስመዘገበችው ነው፣ በ2007 እ.ኤ.አ ከአሜሪካው የቡና ድርጅት ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰውም በነዚህ ስሞች ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ወደ 470 ሺህ ቶን ቡና ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች፣ ሲካፈል ኪሎው ከ5 ዶላር ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። ስፔሻሊቲ ተብሎ በናሙና ተቀምሶ የሚሸጥ ቡና ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ልዩነቱ የመሬቱ ሳይሆን የእውቀቱ ነው። የሐረር ቡና በፀሀይ የሚደርቅ ነው፣ ጀንፈሉ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ በደንብ ካልተገላበጠና መሬት ላይ ከተሰጣ የሻጋታና የአፈር ጣዕም ይይዛል፣ አንዴ ከያዘ መጋዘን ውስጥ ያሉ ለቃሚ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቢለቅሙት አይወጣም። እነሱ ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን በፍጥነት ሲያወጡ ላየ ሰው እጃቸው ይገርማል፣ ጣዕም ግን በአይን አይለቀምም።

ስለዚህ ብር ያለው ነጋዴ ማድረግ ያለበት አንድ ተጨማሪ መጋዘን ከመስራት በፊት ሁለት ልጆች ቡና ቅምሻ ማስተማር ነው፣ ትንሽ መቁያ፣ መፍጫና የእርጥበት መለኪያ ይግዛላቸው። ከየገበሬው የመጣው ለየብቻ ይቀመስ፣ ጥሩው ከመጥፎው ጋር ሳይቀላቀል ይሸጥ፣ ልዩነቱን ብር ደግሞ ለገበሬው ይመልሱለት፣ ያኔ ገበሬው አልጋ ይሰራል። ሌላም ስራ አለ፦ የአውሮፓ ህብረት በ2023 ያወጣው ህግ ከታህሳስ 2020 እ.ኤ.አ መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አንገዛም ይላል፣ እያንዳንዱ ማሳ በጂፒኤስ ይመዝገብ ይላል፣ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የሚጀመርበት ቀን እየተራዘመ ቢመጣም መምጣቱ አይቀርም። ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ ዞሮ መረጃ የሚይዝ፣ ገበሬውን በኦሮምኛ የሚያነጋግር፣ ኤክሴል ላይ የሚያደራጅ ልጅ አሁኑኑ ያስፈልጋል፣ ይሄ ለሀረማያና ለድሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የተከፈተ ስራ ነው፣ ለገበሬዎች ህብረት ስራ ዩኒየኖችና ለላኪዎች ሄዳችሁ ራሳችሁ አቅርቡት።

ቀበሌና ከተማ አስተዳደር ያላችሁ

የውጭ ባለሀብት ሲመጣ የምንጠይቀው ስንት ሰው ትቀጥራለህ የሚል ብቻ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የቀጠረ ባለሀብት ኢትዮጵያዊውን አሰልጥኖ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መተካት እንዳለበት ይላል፣ ስለዚህ ህጉ አለ፣ መጠየቅ ነው ያለብን። ስምምነቱ ላይ የሚተካው የስራ መደብ ስም ይፃፍ፣ ሱፐርቫይዘር፣ የጥገና ሀላፊ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ከየትኛው ኮሌጅ ጋር። በየስድስት ወሩ ደግሞ ቢሮ ውስጥ በሪፖርት ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ገብታችሁ ሰውዬውን አግኙት። አጎዋ፣ ወደ አሜሪካ እቃ ያለ ቀረጥ የምናስገባበት መብት፣ ታህሳስ 2014 ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፣ ሐዋሳ ፓርክ ላይ ትዕዛዝ ቀርቶ ስንት ሴቶች ስራቸውን አጡ። ከቀረጥ ነፃ መብት በአንድ ደብዳቤ ይቆማል፣ ርካሽ ደሞዝም ነገ ሌላ አገር ላይ ይገኛል፣ እጅ ላይ የገባ ሙያ ግን ባለሀብቱ ቢሄድም እዚህ ይቀራል፣ ሌላ ባለሀብትም ይጠራል።

ሁለተኛ የኮሌጅ ወርክሾፖችን ማታ ክፈቱ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ቀን ላይ ሙቀት ነው፣ ቀን የሚሰራ ሰውም መምጣት አይችልም፣ ማሽኑ ደግሞ ለማንም ሳይጠቅም ተቆልፎ ያድራል። ሶስተኛ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለበት መልካ ጀብዱ አካባቢ ለሚሰሩ ሴቶች ሰርቪስና የልጅ ማቆያ ጉዳይ ይታሰብበት፣ ሰልጥና የጨረሰች ልጅ ማታ የምትገባበት መኪና አጥታ ስራ ስትለቅ የስልጠናው ብር አብሮ ይሄዳል።

ብር ቆጥቦ የት ላድርገው ለሚል ደግሞ ባጭሩ፦ ሁላችንም እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሱቅ ብንከፍት ሌላ አገር የሰራውን እቃ ነው የምናዞረው፣ ንግዱ ጥሩ ነው ግን ሁሉም ሰው እዛ ላይ መሆን የለበትም። ጥር 2017 ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፣ ኢትዮ ቴሌኮምም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅቱን የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፣ አትረፉ ብቻ የሚል ማስታወቂያ ይዞ ሰነድ የማያሳይ ሰው ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

የቀረው መከታተል ነው። መስከረም ላይ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ከ4ኛ ክፍል ልጆች ስንቶቹ አንብበው ይረዳሉ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቴክኒክ ኮሌጁን ደግሞ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ከስድስት ወር በኋላ ስንቶቹ በሙያቸው ስራ ላይ ናቸው በሉት፣ አስተዳደሩን ፓርኩ ውስጥ ከውጭ ሰው የተረከቡ ኢትዮጵያዊ ሱፐርቫይዘሮች ስንት ደረሱ በሉት። ሶስቱም መልስ በቁጥር ይሁን፣ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በዓመቱ ተመልሳችሁ ከአዲሱ ጋር አስተያዩት፣ ቁጥሩ ካልተነሳ የሚመለከተውን ሀላፊ በስብሰባው ላይ ለምን በሉ።